ልጄ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ጠየቀኝ፤ ምን ልበለው?

የወላጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ አንድ ጉዳይ ስለሚያነሡ አብረን አቅርበናቸዋል። የተጠየቀባቸው ልጆች ዕድሜ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ነው። ምላሹን ያዘጋጁት የሕፃናት ሥነ ልቦና አማካሪና የሕፃናት ነርስ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአምስት ዓመት ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ «ማሚ፣ ጓደኛዬ ሁለት እናት ነው ያላት። አባቷ የት ሄደ? ሴትና ሴት ይጋባሉ እንዴ?» አለች። ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። እኔም ደንግጬ «ዝም በይ፣ እንዲህ አይባልም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት ስጠይቃት «ምንም» ትለኛለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ልጄን መዋሸት አልፈልግም፣ እምነቴንም መደበቅ አልፈልግም።
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ልጅዎ ጥያቄዋን አልረሳችውም። አያቷን የሚያስደነግጥ፣ እናቷን የሚያስቆጣ ነገር እንደሆነ ስላየች ለእርስዎ ማምጣቷን ትታለች። ቀጣዩን ጥያቄ ለክፍል ጓደኛዋ ወይም ለታብሌቱ ታቀርባለች ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እርስዎ ራስዎ መልሰው ያንሡት፤ ሳምንት ባያልፍ ይመረጣል።

ሹሩባ ሲሠሯት ወይም መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ሳለ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ ልጅ ዐይን ለዐይን ሳትተያይ፣ እጅ ሥራ ይዞ ሲወራ ይቀላታል። «ያን ዕለት ስለ ጓደኛሽ እናቶች ስትጠይቂኝ ደንግጬ ዝም በይ አልኩሽ። አላጠፋሽም። አሁን ልመልስልሽ» ይበሏት። ይቅርታውን ማስረዘም አያስፈልግም፤ ሲረዝም «ለካ ትልቅ ነገር ነው» ብላ ትፈራለች።

ከዚያ ምን እንደጠየቀች ይለዩ። አንድ ላይ የመጡ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። «አባቷ የት ሄደ?» የሚለው በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ፍርሃት አለበት፦ አባት ከቤት የሚጠፋ ነገር ከሆነ የእኔስ? ይህን ሳይመልሱ ስለ ጋብቻ ቢያስረዷት አትሰማዎትም። «ጓደኛሽን የሚያሳድጓት ሁለት እናቶች ናቸው፤ በእነሱ ቤት አባት የለም። የእኛ ቤት ግን አባዬ አለ፣ ማታ ይመጣል» ማለት ይበቃታል። ያቺ ልጅ እንዴት እንደተወለደች ግን አይገምቱ። ምናልባት ከቀድሞ ትዳር ነች፣ ምናልባት በጉዲፈቻ፣ ምናልባት በሕክምና። የእርስዎ ግምት ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደ እውነት ይነገራል።

ለሁለተኛው ጥያቄ እውነቱን በአጭሩ ይንገሯት፦ «አዎ፣ እዚህ አገር ሴትና ሴት፣ ወንድና ወንድ ቢጋቡ ሕጉ ይፈቅዳል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተክሊል የሚደረገው ለወንድና ለሴት ነው። ጓደኛሽን እንደምትወጃት ትወጃታለሽ፣ እናቶቿንም እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው ታከብሪያቸዋለሽ።» በመላው አሜሪካ ጋብቻው የተፈቀደው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 26 ቀን 2015 በሰጠው ውሳኔ ነው። ይህ ለእርስዎ ነው፤ ለእሷ «ሕጉ ይፈቅዳል» በቂዋ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ዝም ይበሉ። ተነሥታ ወደ ጨዋታዋ ከሄደች የፈለገችውን አግኝታለች። ሌላ ጥያቄ ካመጣች ያንኑ ብቻ ይመልሱ።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዋቂ ሰው «ተጋቡ» የሚለውን ሲሰማ አእምሮው መኝታ ቤት ይገባል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ምሳ ዕቃ ማን እንደሚያሰናዳ፣ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚወስዳት ነው የምታስበው። ስለ ወሲብ አልጠየቀችምና ስለ ወሲብ አይመልሱ። «እኅትማማቾች ናቸው» ብለውም አይዋሿት። በማግስቱ ጓደኛዋ ታርማታለች፣ ከዚያ በኋላ የእርስዎን መልስ አታምንም።

እምነትዎን መደበቅ የለብዎትም። ግን «እኛ» ብለው ይንገሯት፦ እኛ እንዲህ እናምናለን፣ እኛ እንዲህ እንጋባለን። «እነሱ ኃጢአተኞች ናቸው» ብለው ቢጀምሩ ልጅዎ ያንን ይዛ ትሄድና ለጓደኛዋ «እናቶችሽ ገሃነም ይገባሉ» ትላታለች። ምንም ያልመረጠች የአምስት ዓመት ልጅ በእናቶቿ ስታለቅስ መዋል የለባትም። ይህን ከየትኛውም ወገን ቢሆን አጥብቀን የምንቃወመው ነው።

እናትዎን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፣ በልጅቷ ፊት አይሁን። እንዲስማሙ አይጠይቋቸው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይስጧቸው፦ «እንዲህ ያለ ስትጠይቅዎ ‘እናትሽን ጠይቂያት፣ እሷ ትነግርሻለች’ ይበሉልኝ።» አብዛኞቹ አያቶች ይህን በደስታ ይቀበላሉ፤ የሚያስጨንቃቸው የሚሉትን ማጣት ነው።

ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ትጫወት ወይ ብለው ካሰቡ፣ ለማንኛውም ቤት የሚጠይቁትን ይጠይቁ፦ ትልቅ ሰው ይኖራል? ሌላ የሚመጣ ሰው አለ? ጠመንጃ ካለ ተቆልፎበታል? መዋኛ ገንዳው አጥር አለው? ውሻ አለ? ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጡት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ወንድ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ ግብረ ሰዶም ምንድን ነው? አንድ ልጅ እንደዛ ብሎ ሰደበኝ» አለኝ። ጭንቅ ሲለኝ «እናትህን ጠይቅ» አልኩት። እሷ ደግሞ «አባትህን ጠይቅ» አለችው። አሁን ሁለታችንም እየሸሸነው ነው።
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ማን እንደሚመልስ ይስማሙ። መልሱ ከመሰጠቱ በፊት ግን ልጁ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ «የት ሰማኸው?» እና «አንተ ምን መሰለህ?» ድምፅዎ ስለ ኳስ እንደሚያወሩበት ይሁን። ቃሉ ወደ ልጅ ጆሮ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሦስት መንገድ ነው፦ በስድብ፣ ስልክ ላይ በታየ ቪዲዮ፣ ወይም አንድ ሰው በእሱ ወይም በጓደኛው ላይ ባደረገው ነገር። ሊያመልጥዎ የማይገባው ሦስተኛው ነው።

ምክንያቱም በእኛ አገር ወሬና የፖሊስ ዜና ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው የሁለት አዋቂዎች ግንኙነት ነው። ሌላው አዋቂ ሰው በወንድ ሕፃን ላይ የሚፈጽመው ጥቃት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ ለይቷቸዋል፤ የመጀመሪያውን በአንቀጽ 629፣ በልጆች ላይ የሚፈጸመውን በአንቀጽ 631 ይቀጣል። ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ሲሆን ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እርስዎም ለልጅዎ ለይተው ይንገሩት።

ስለ መጀመሪያው፦ «አዋቂ ወንድ ከአዋቂ ወንድ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲሆን ሰዎች እንደዚያ ይሉታል። በአገራችን ሕግ አይፈቀድም። መሳደቢያ ግን አይደለም፤ የሰደበህ ልጅም ትርጉሙን አያውቀው ይሆናል። አንተ ማንንም እንደዛ አትበል።» ስድቡ ከተደጋገመ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ያሳውቁ።

ስለ ሁለተኛው በሌላ ቀን፣ ገላውን ሲታጠብ ወይም ልብስ ሲቀይር፦ «በሙታንታ የሚሸፈነው ገላህ ያንተ ብቻ ነው። ትልቅ ሰውም ትልቅ ልጅም አይነካውም፣ የራሱንም ንካልኝ አይልህም። ሐኪም ቢያይህ እንኳ እኔ ወይም እናትህ እያለን ነው። ‘ለአባትህ እንዳትናገር’ ያለህ ሰው ካለ በዚያው ቀን ንገረኝ፤ አልቆጣህም።» ብልትና መቀመጫ በስማቸው ይጠሩ። ስም የሌለው ነገር ለመናገርም ይከብዳል፤ ልጁ «እዚያ ጋ» ብቻ ካለ ሐኪምም ፖሊስም ምን እንደደረሰበት በትክክል ለመረዳት ይቸገራሉ።

በልጅ ላይ ጥቃት የሚያደርስ ሰው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው ነው፦ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ ዘበኛ። ባለትዳርና የልጆች አባት ሊሆን ይችላል፣ ሴትም ልትሆን ትችላለች። «ግብረ ሰዶማዊ የሚመስል ሰው» እየፈለገ የሚጠብቅ ወላጅ ልጁን ለሚያምነው አጎት ትቶ ይወጣል። ይህ ስሕተት ብዙ ልጆችን ያስጠቃል።

ልጁ «አንድ ሰው እንዲህ አደረገኝ» ካለ አይጩኹ፣ ደጋግመው አይመርምሩት። «ስለነገርከኝ ጎበዝ ነህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉት። ገላውን አያጥቡት፣ የለበሰውንም ልብስ አያጥቡ። ልብሱን በወረቀት ከረጢት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይያዙ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው፤ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊስ ጉዳዩን አንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለው። የፖሊስ ስልክ 991 ነው። ከ72 ሰዓት በላይ ቢያልፍም ለሌላው ሕክምናና ለምክሩ ይሂዱ።

እንዲህ የደረሰበት ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ አፍ አውጥቶ የማይጠይቀው ጥያቄ አለው፦ «እኔም እንደዛ ሆንኩ?» ሳይጠይቅ ይመልሱለት። «ሰውየው ያደረገው ወንጀል ነው። አንተን ወደ ምንም አልለወጠህም።»

ጥያቄ፦ በክረምት ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ባለፈው ጊዜ ፒያሳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ወጣቶች አይቶ የስድስት ዓመት ልጄ ጮክ ብሎ «ጌይ ናቸው?» አለ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ስቶክሆልም የክፍል አስተማሪው ባል ያለው ወንድ ስለሆነ ለእሱ ተራ ነገር ነው።
እናት፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ሁለቱም አገር ልጅዎን ትክክለኛ ነገር ነው ያስተማሩት፤ የጎደለው ማገናኛው ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ይንገሩት፦ «ኢትዮጵያ ውስጥ ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ይተቃቀፋሉ። ጓደኝነት ነው። አባትህም ልጅ እያለ እንዲሁ ያደርግ ነበር።» ፎቶ ካላችሁ ያሳዩት። ከአጎቱ ልጆች አንዱ እጁን ሲይዘው እንዳይነጥቅም ይረዳዋል፤ እጁን ነጥቆ የሸሸ ልጅ ዘመዱን ያስቀይማል።

ስለ ቃሉ ደግሞ፦ «ስዊድን ውስጥ ሰው በግልጽ የሚያወራው ነገር እዚያ ሕጉ ይከለክለዋል፣ ሰውም ይቆጣበታል። ጥያቄ ካለህ ቤት ገብተን ጠይቀኝ፤ መንገድ ላይና ታክሲ ውስጥ አትጥራው።» ለምን ካለዎት የማያሳምም መልስ አለ፦ አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሕግ የለውም። አስተማሪውን መጥፎ ሰው እንደሆነ አድርገው አይንገሩት፤ ትምህርት ሲከፈት ተመልሶ በዚያው ሰውዬ ፊት ነው የሚቀመጠው። ዘመድ ስለ አስተማሪው ቢጠይቀው «ጎበዝ አስተማሪ ነው» ማለት እንደሚችል ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ሮክቪል ነን። ትምህርት ቤቱ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሚያወሩ የልጆች መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ያስነብባል። ሦስተኛ ክፍል ያለችውን ልጄን እነሱ ሲነበቡ ማስወጣት እችላለሁ? ካወጣኋትስ ምን ልበላት?
አባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ይችላሉ። ሮክቪል ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አስገብተው፣ ማርች 2023 ላይ ወላጅ ልጁን እንዲያስወጣ መፍቀዳቸውን አቆሙ። ያኔ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም የሆኑ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አደባባይ ከወጡት መካከል ነበሩ። የተወሰኑ ወላጆችም ከሰሱ። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት ቤቱ መጻሕፍቱን ወይም የሚመስላቸውን ከመጠቀሙ በፊት ለከሳሾቹ ወላጆች እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ አዘዘ።

ለመምህሯና ለርእሰ መምህሩ በኢሜይል ይጻፉ፦ የልጅቷ ሙሉ ስም፣ ክፍል፣ እንድትወጣ የሚፈልጉበት ጉዳይ፣ አስቀድሞ እንዲነገርዎ፣ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትሠራና ማን ጋ እንደምትቀመጥ። መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መምህር በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይላኩ። እንግሊዝኛው ከከበደዎ በአማርኛ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት።

ይህን ያደረገ ወላጅ ግን ቤት ውስጥ መናገር ይበልጥ ይገባዋል። ክፍሉ ሲነበብለት እሷ ብቻዋን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠች ልጅ የሚመጣላት ሐሳብ «አጥፍቻለሁ» ወይም «የሚያስፈራ ነገር አለ» ነው፤ ምሳ ሰዓት ደግሞ ጓደኞቿ ተሽቀዳድመው ይነግሯታል። በዋዜማው «ነገ ሁለት አባት ስላለው ልጅ ታሪክ ይነበባል። እንዲህ ያለውን እኔና እናትሽ ራሳችን ልናስረዳሽ ስለፈለግን አንቺ ሌላ ነገር ታነቢያለሽ። አላጠፋሽም» ይበሏትና በዚያው ምሽት በእርግጥ ያስረዷት። ለመጀመሪያዋ እናት የጻፍነው ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ልትተኛ ስትል «እናቴ፣ እኔ ሴት የምወድ ብሆን ትጠይኛለሽ?» አለችኝ። «እግዚአብሔር አይበለው፣ ተኚ» አልኳት። አዎ እወድሻለሁ ብላት እንዳበረታታት እንዳይሆን ፈርቼ ነው።
እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ ዛሬ ማታ ወደ አልጋዋ ይሂዱና «ያን ማታ የጠየቅሽኝን መልሼ አሰብኩት። አልጠላሽም። ምንም ብትሆኚ ልጄ ነሽ» ይበሏት። «ግን» የምትለዋን ቃል አይጨምሩ። ልጅ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው ይዛ የምትተኛው።

ማበረታታት አይሆንም። ሰው ማንን እንደሚወድ የሚወስን አንድ የታወቀ ምክንያት የለም፤ የወላጅ መልስም፣ የተነበበ መጽሐፍም፣ ሁለት እናት ያላት ጓደኛም አያደርጉትም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 ተመሳሳይ ጾታ መውደድን ከበሽታ ዝርዝር አውጥተውታል፤ ስለዚህ እንደ በሽታ የሚታከም ነገር የለም። «እንዲያስተካክሏት» ብሎ ልጅን ወደ አገር ቤት መላክ ወይም ጸበል ላይ በግድ ማቆየት ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ከወላጇ ተለይታ የምትማረው እንደተጣለች ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ተመሳሳይ ጾታ የሚወዱ ወጣቶች፣ ቤተሰባቸው ካልገፋቸው ወይም ጥቂት ብቻ ከገፋቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የተናገሩት ከስምንት እጥፍ በላይ ነው።

ልጅዎ ስለ ራሷ መናገሯ ላይሆንም ይችላል። በዘጠኝ ዓመት ሰውነት መለወጥ ይጀምራል፤ ሴት ልጅ ላይ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ባለው ጊዜ ጡት ማጎጥጎጥ የተለመደ ነው፣ ከዚያው ጋር የሰው መውደድ ሐሳብ ይመጣል። ጓደኛዋ ነግራት ይሆናል፣ ክፍል ውስጥ ተሰድባ ይሆናል፣ ወይም የእናት ፍቅር የት ድረስ እንደሚሄድ እየለካች ይሆናል። ፍቅርዎን ከነገሯት በኋላ «ይህን እንድታስቢ ያደረገሽ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ይጠብቁ። «አይ፣ እንዲሁ ነው» ካለች አያስጨንቋት። የነገረችዎትን ለአያቷም፣ ለነፍስ አባትም፣ ለአክስቷም ሳትፈቅድ አይንገሩ፤ በሰው አፍ መልሳ ከሰማችው ሁለተኛ አትነግርዎትም።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከጠላች፣ ወይም ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» እያለች ትምህርት ቤት ካስፈራት ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ይውሰዷትና ለተወሰነ ጊዜ ብቻዋን እንዲያነጋግሯት ይጠይቁ። ከትምህርት ቤት መምህሯም ማን ምን እንዳላት ይጠይቁ። መሞት እንደምትፈልግ የሚያሳይ ቃል ካወጣች ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻዋን አይተዋት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።